«ትንሽ ነህ» ተብሎ የተመለሰው ግራኝ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ኳስን በግራ እግሩ እንደ ልቡ የሚያዝ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ዘንድሮ ግን የአንድ ታዳጊ ቡድን መራጮች «ሰውነትህ ቀጭን ነው፣ ቁመትህም ገና ነው» ብለው መለሱት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምድ ላይ የሚመጣው አንገቱን ደፍቶ ነው። በቅርቡ አንድ ባልደረባዬ ሹንሱኬ ናካሙራ የተባለ ጃፓናዊ የአማካይ ስፍራ ተጫዋች በልጅነቱ እንዲሁ መመለሱን አጫወተኝ። እውነት ከሆነ የተጫዋችነት ዘመኑን ከመነሻው አንሥታችሁ ብትጽፉልኝ ለልጁ አነብለታለሁ። ስለ ቅጣት ምት አመታቱም ጥቂት ብትሉን ደስ ይለናል።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባልደረባዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ናካሙራ ሰኔ 24 ቀን 1978 በጃፓን የወደብ ከተማ በዮኮሃማ ተወለደ። የጃፓን የፕሮፌሽናል ሊግ ውድድር በ1993 ሲጀመር እርሱ 15 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ማለትም እንደ እርስዎ ተማሪ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ በትውልድ ከተማው ክለብ በማሪኖስ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር፤ ይሁን እንጂ ወደ ቀጣዩ የወጣቶች ቡድን የሚያልፉት ሲለዩ አካሉ አነስተኛ በመሆኑ ሳይመረጥ ቀረ። እርሱ ግን ቶኮ ጋኩኤን በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ መጫወቱን ቀጠለ። በጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አገር አቀፍ ውድድር ከፍተኛ ክብር ያለውና በብዙ ሕዝብ የሚታይ ነው፤ የናካሙራ ትምህርት ቤትም እርሱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በነበረበት የውድድር ዘመን ለፍጻሜ ደርሶ ሁለተኛ ወጣ። በ1997 ያ የመለሰው ክለብ ራሱ ለዋናው ቡድን አስፈረመው። ቁመቱም በመጨረሻ 1 ሜትር ከ78 ደረሰ። ይህን ቁጥር ለልጁ ደግመው ቢያነቡለት እንወዳለን፤ ምክንያቱም በ15 ዓመት እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች በአካል ዕድገት በዓመታት ሊበላለጡ ይችላሉና፣ የዘገየው ልጅ ቁመት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ናካሙራ በ2000 የጃፓን ሊግ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በዚያው ዓመት ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የእስያ ዋንጫን አነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፣ ጃፓን ከደቡብ ኮሪያ ጋር የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ፣ ፈረንሳዊው አሰልጣኝ ፊሊፕ ትሩሲዬ ስሙን ከዝርዝሩ ውጪ አደረጉት። የገዛ አገር የዓለም ዋንጫን ከዳር ሆኖ ማየት ከልጅነቱ መመለስ የባሰ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት ወደ ጣሊያኑ ክለብ ሬጂና አመራ፤ ላለመውረድ በሚታገለው በዚህ ክለብ ሦስት የውድድር ዘመናት ቆየ። በመካከሉ በ2004 ጃፓን በቻይና የእስያ ዋንጫን ስትደግም የውድድሩ ኮከብ እርሱ ነበር።

በ2005 አሰልጣኝ ጎርደን ስትራካን ወደ ስኮትላንዱ ሴልቲክ ወሰዱት፤ ስሙ በዓለም የናኘውም እዚያ ነው። መስከረም 2006 ሴልቲክ በማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ 3 ለ 2 ሲሸነፍ ናካሙራ በቅጣት ምት አንድ ግብ አገባ። ኅዳር 21 በግላስጎው በተደረገው የመልስ ጨዋታ፣ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ወደ 27 ሜትር ከሚጠጋ ርቀት ቅጣት ምት ተሰጠ። ናካሙራ የመታት ኳስ ከተከላካዮቹ አጥር በላይ አልፋ፣ ረጅሙ ግብ ጠባቂ ቫን ደር ሳር ተወርውረው ሳይደርሱባት፣ የላይኛውን ጥግ ይዛ መረቡ ላይ አረፈች። ጨዋታው 1 ለ 0 ተጠናቀቀ፤ ሴልቲክም በሻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ16ቱ ቡድኖች አንዱ ሆነ። በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻ የስኮትላንድ ተጫዋቾችም ጋዜጠኞችም ኮከብ አድርገው መረጡት። ከክለቡ ጋር ሦስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫዎችን ወስዷል።

ከዚያ በስፔኑ ኤስፓኞል አጭርና ያልተሳካ ቆይታ አደረገ፤ በ2010 ወደ ማሪኖስ ተመለሰ። በብሔራዊ ቡድን 98 ጨዋታዎችን አድርጎ 24 ግቦችን አስቆጥሯል፤ በ2006 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ላይ ያገባትም ከእነዚህ አንዷ ናት፣ ጨዋታው ግን በ3 ለ 1 ሽንፈት ነበር የተጠናቀቀው። እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን በ2013 የሆነው ነው፤ በ35 ዓመቱ ዳግመኛ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ ይህን ክብር ሁለት ጊዜ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። በኋላ ለጁቢሎ ኢዋታና ለዮኮሃማ ኤፍሲ ተጫውቶ በ2022፣ በ44 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ወደ ቅጣት ምቱ እንመለስ። ግራኝ ተጫዋች ኳሷን በእግሩ ውስጠኛ ክፍል ከመሐሏ ትንሽ ወጣ አድርጎ ሲመታት በራሷ ላይ እየተሽከረከረች ትሄዳለች፤ ሽክርክሪቷም አየሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋው አየሩ በአጸፋው ኳሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። የግራኝ ኳስ በዚህ አመታት ከግራ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። እንግዲህ መታጠፏ የአየር ሥራ ከሆነ፣ የአየሩ ጥግግትም ልዩነት ያመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ኳስ በእናንተ ሜዳ ፈጥና ትሄዳለች፣ የምትታጠፈው ግን በጥቂቱ ነው። ተማሪዎ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ያንኑ ምት ቢሞክር ኳሷ ይበልጥ ስትጠመዝዝ ያያል።

ናካሙራ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘመኑ ጀምሮ የኳስ ማስታወሻ ደብተር ነበረው፤ የሚፈልገውን ግብና የጎደለውን እየጻፈበት በየጊዜው ይመለከተው ነበር። እርስዎም ለልጁ አንድ ደብተር ይስጡትና በየልምምዱ ከየት ርቀት እንደመታ፣ የቆመ እግሩን የት እንዳሳረፈ፣ ኳሷም በየት በኩል እንዳለፈች ይመዝግብ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ሲደርስ ያንን ደብተር ይዞ ቢሄድ እንመክራለን።