ከመጻፍህ በፊት ያቺን «ኤ» ፊደል ፈልጋት

ወንድሜ፣ «መስኮት ያላት 2732 ኢፕሮም (የተጻፈባት በጨረር ጠፍቶ እንደገና የሚጻፍባት የማስታወሻ ቺፕ) አለችኝ፤ ያለባትን በጨረር መብራት አጥፍቼ አዲስ ፕሮግራም ልጽፍባት ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሃል። እኔ ሁለት ቺፕ ገድዬ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ከማጥፋትህ በፊት ቺፗ ላይ ያለውን ሁለቴ አንብበህ ፋይሉን አስቀምጥ። ይሄን ታውቀዋለህ፣ ልለፈው።

2. የመስኮቷን ወረቀት ስትልጥ ሙጫው ይቀራል፤ በአልኮል ጥረገው። እኔ 20 ደቂቃ ሙሉ አብርቼባት «አልጠፋችም» ሲለኝ ቺፗን ስረግም ነበር። ለካ ጨረሩን የከለከለው ሙጫው ነው! መብራቱም ማንኛውም ሐምራዊ መብራት እንዳይመስልህ። 253.7 ናኖሜትር የሚያወጣው ነው የሚያጠፋት፤ የገንዘብ ኖት መፈተሻው አይሠራም። ዓይንህን ግን አደራ።

3. ቮልቴጅ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ቁጥሯን ብርሃን ላይ አድርገህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ከ2732 ቀጥሎ «ኤ» አለች? ያንተም እንዳለባት እወራረዳለሁ። ኤ የሌላት በ25 ቮልት ነው የምትጻፈው። ኤ ያላት በ21። ከ22 ካለፈ አለቀላት።

የእኔ ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ የሚጽፈው መሣሪያ) የቺፕ ዝርዝሩ ላይ «2732» ብቻ ነበር ያለው። ያው ናት ብዬ ተጫንኩት። ቺፗ ከመጋሏ የተነሳ ጣት አላስነካ አለች፣ ንባቡም ዝብርቅርቅ። በደንብ አልጠፋችም ይሆናል ብዬ ሁለተኛዋን ሰካሁ። እሷም ተከተለቻት።

አሠራሯን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዷ ቢት (አንድ 0 ወይም 1 የምትይዝ ቦታ) ውስጥ በማገጃ የተከበበች፣ ሽቦ የማይነካት «በር» የምትባል ክፍል አለች። በከፍተኛ ቮልቴጅ ስትጽፍ ኤሌክትሮኖች ማገጃውን ዘለው እዚያ ይገባሉ። ቮልቴጁ ሲነሳ መውጫ የላቸውም፤ ለዓመታት ታስረው ይቀራሉ። የታሰሩባት 0 ትነበባለች፣ ባዶዋ 1። ጨረሩ የሚያደርገው ማገጃውን ዘለው እንዲወጡ ጉልበት መስጠት ነው። ስለዚህ የጠፋች ቺፕ ከዳር እስከ ዳር 1 ናት። መጻፍ ማለት 1ን ወደ 0 መቀየር ብቻ ነው፤ 0ን ወደ 1 ለመመለስ ሙሉዋን ማጥፋት ግድ ነው።

ፕሮግራመሩን ለሸጠልኝ ሰው ብጽፍለት «ቺፖችህ ድሮም የሞቱ ነበሩ» አለኝ። ደግሜ ስጠይቅ «ማኑዋሉን አንብብ»። ማኑዋሉ ሦስት ገጽ ነው፤ ስለ ኤ አንዲት ቃል የለም! የቺፗ አምራች ሰነድ ግን ማስጠንቀቂያውን ፊት ለፊት ጽፎታል። አምስት ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ።

ለሦስተኛዋ ቮልቴጁን ራሴ አስተካከልኩት። ሶኬቱ ባዶ እያለ «ጻፍ» ብዬ የመጻፊያው ቮልቴጅ የሚገባበት 20ኛው እግር ላይ መልቲሜትር አደረግኩ፦ 20.9 ቮልት። ከዚያ ሰካኋት። አንድም ስህተት ሳይወጣ 4096ቱም ባይት ተጻፈ። የሞተው የሙዚቃ ኪቦርዴ ያኔውኑ ነቃ። ያንን ስክሪን ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፣ አልዋሽህም።

ስትጨርስ መስኮቷን ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ሸፍናት። ቀጥተኛ ፀሐይ በሳምንት ገደማ ያጠፋታል።

አሁን ግን ምንም ሳትነካ የቁጥሯን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ።