የሒሳብ ሠራተኛዋ ጀልባ ልንደፍ ብትል

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነች። «ጋሼ፣ ሥራዬን ትቼ የጀልባ ዲዛይነር መሆን እፈልጋለሁ፤ በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር?» ትላለች። የዘንድሮ ልጆች፣ ጥያቄያችሁ ሁሌ ከሶፍትዌር ነው የሚጀምረው። እኔም ከሕንፃ ንድፍ ወደ ጀልባ ስዞር የጠየቅኩት ያንኑ ነበር፣ እሱን አልክድም።

ጥያቄዋ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ሠሪ አስታወሰኝ። አንዲት አዲስ የእንጨት ጀልባ ውሃ ላይ አውለን ሚዛኗን ልንፈትን ተሰብስበናል። ሙከራው ቀላል ነው። ረጅም ቱንቢ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር፣ ይሰቀላል፤ ዝም ብሎ እንዳይወዛወዝም ጫፉ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ክብደቱ የታወቀ ብረት ከመሃል ወደ ጎን ይገፋና ክሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሸሸ በማስመሪያ ይነበባል። ይህ ንባብ ከጀልባዋ ቅርፅ ስሌት ጋር ተዳምሮ የስበት ማዕከሏ፣ ማለትም ክብደቷ ሁሉ እንደተሰበሰበ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ማንም ንቅንቅ አይልም፤ አንድ ሰው እግሩን ቢያነሳ ንባቡ ተበላሸ ማለት ነው።

ሽማግሌው ግን ቱንቢው ገና ሳይሰቀል ጠርዟ ላይ ወጣና በአንድ እግሩ ጫን አደረጋት። ዘንበል ብላ እስክትመለስ ጠበቀ። «ከላይ ከብዳለች፣ አመላለሷ ዘገየ» አለና ወረደ። እኛ ተሳሳቅን። ሙከራው ግን ያንኑ አወጣ፤ የጣሪያው ሳንቃ ከንድፉ ወፍሮ ነበር ለካ። ከላይ የከበደች ጀልባ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ደግሞ የሚገርመው፣ ተሳፋሪ እንዲህ ያለችውን ጀልባ ይወዳል፤ አትንጥም፣ ለስላሳ ነች ይላል።

እግሩ እንዴት እንደሚያነብ ልጠይቀው እያልኩ ኮምፒውተሬ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ተወ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በነገራችን ላይ ቫሳ የምትባለው የስዊድን የጦር መርከብም በሰው እግር ነው የተፈተነችው። 30 ሰዎች ከጎን ወደ ጎን ሲሯሯጡባት ልትገለበጥ ስትል ሙከራውን አስቆሙት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1628 ከስቶክሆልም ተነሣች፤ 1300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰጠመች። እግር ተናግሮ ነበር፣ የሰማው ግን የለም።

ስለ ዕድሜና ስለ ደሞዝ ምንም አልልሽም፣ እሱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። እኔ የምልሽ፣ ሒሳብ ሠራተኛነትሽን አትናቂው። የዚህ ሥራ ግማሹ ክብደት መመዝገብ ነው። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ሽቦው፣ ሙጫው፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ይገባል፤ እያንዳንዱ ክብደት ከጀልባው ግርጌ ተለክቶ ባለው ከፍታ ይባዛል፣ ድምሩ ለጠቅላላው ክብደት ሲካፈል የስበት ማዕከሉ ይወጣል። ሥዕል የሚችለው ልጅ እዚህ ጋ ይሰለቻል። ቀለምና ብሎን ይረሳል፣ ከዚያ ጀልባው ከታሰበው በላይ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። አንዲት ሳንቲም ከጎደለች እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ይህ ያንቺ ቦታ ነው።

እሺ፣ ሶፍትዌሩም ይሁን፤ እኔስ ዛሬ ያለሱ መቼ እሠራለሁ? ዴልፍትሺፕ ነፃ ስሪት አለው፣ በሱ ጀምሪ። ጎን ለጎን ግን ጀልባ የሚሠራበት ቦታ ሄደሽ አንዲት ትንሽ ጀልባ ምረጪና ያለባትን ዕቃ ሁሉ በክብደቱ መዝግቢ። ሰንጠረዡን ላኪልኝ፤ መጀመሪያ የማየው ብሎኖቹን ነው።