የቦርከና መስኖና ከባድ ብረት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ስለ አፈርና ውሃ ጠይቁ። ግን ሰብሉን፣ የውሃውን ምንጭና የአፈሩን ዓይነት ሳትጽፉ «አደጋ አለው ወይ?» አትበሉኝ።

የሐርቡው፦ ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ወንዝ ውሃ ቆስጣና ቲማቲም እናለማለን። የቱ ይብሳል?

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ቆስጣው ይብሳል። ሥሩ ውሃ ሲስብ የሟሟው ካድሚየም (መርዛም ከባድ ብረት ነው) አብሮ ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ይከማቻል፤ ወደ ፍሬ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሰላጣም እንደ ቆስጣው ነው፤ ቲማቲምና ቃሪያ በአብዛኛው ይሻላሉ። እርሳስ ግን ፀባዩ ሌላ ነው። በሥር በኩል እምብዛም አይወጣም፤ በአቧራና በጭቃ ነው የሚመጣው። የቆስጣው የታችኛው ቅጠል አገዳ ጎድጓዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውን ጭቃ አይታችኋል? እሱን በጣት እያሻችሁ እጠቡ። ካድሚየሙ ግን ቅጠሉ ውስጥ ስለገባ በመታጠብ አይሄድም፤ ማፍላትም ብረትን አያጠፋም። ኮዴክስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ በቅጠላ ቅጠል ላይ የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ኩላሊት ውስጥ አንዴ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል።

እታለም፦ ሰላጣውን በኮምጣጤ ብዘፈዝፈውስ?

መላሽ፦ ኮምጣጤ ለጀርም ነው።

የጨፋው ገበሬ፦ የኛ ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው።

መላሽ፦ ካድሚየምም ሽታ የለው። ለመስኖ ውሃ የሚመከረው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን የሚያየው ላብራቶሪ እንጂ ዓይን አይደለም።

የአዊው፦ ኖራ በትኑበትና ተገላገሉ። እኛ ጋ ኖራ መሬቱን አድኖታል።

የጨፋው ገበሬ፦ ያንተ ቀይ አፈር ነው፣ የኛ ዋልካ! ወላሂ እናንተ ለሁሉም በሽታ ኖራ ነው መድኃኒታችሁ።

የአዊው፦ አፈር አፈር ነው ወንድሜ።

መላሽ፦ አይደለም! እዚህ ላይ አታደናግሩ። ካድሚየም የሚፈታው አፈር ሲኮመጥጥ ነው፤ ኖራ የሚሠራው ኮምጣጣውን ስለሚያበርድ ነው። ዋልካ በሸክላው ብዛት ብረትን ራሱ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም ኮምጣጣ አይደለም። ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ) ሳይለካ ኖራ መበተን ገንዘብ መበተን ነው፤ ፒኤቹ ከልክ ካለፈ ዚንክና ተክሉ የሚፈልገው ብረት (አይረን) ለሰብሉ ይጠፉበታል። ዚንክ ያጠረው ተክል ደግሞ ካድሚየምን አብዝቶ ይስባል፣ ጭራሽ ሌላ ችግር! የበሰለ ኮምፖስት ግን ለሁለቱም አፈር ይጠቅማል። አሸዋማ የወንዝ ዳር መሬት ያላችሁ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ።

ከደሴ፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለምን አይጠየቁም?

መላሽ፦ ክሱን ለባለቤቱ። የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የኮምቦልቻን ፍሳሽ ይዘው ቦርከና እንደሚገቡ ግን አስቡ፤ የውሃ ናሙና ስትወስዱ ከሚገቡበት በላይም በታችም ይሁን።

አዲስ አባል፦ ጎመኑ በደንብ ቢቀቀልስ?

መላሽ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ማፍላት ብረትን አያጠፋም፤ ከላይ ተጽፏል።

የሐርቡው፦ የአፈር ናሙናውን እንዴት ላውጣ?

መላሽ፦ ከማሳው ብዙ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ፣ ደባልቀህ በንጹሕ ፌስታል። የቦዩ አፍና የማሳው ጫፍ ለየብቻ ይሁኑ። ዝገት ያለው ዶማ አትጠቀም፤ ቆስጣውንም ከዚያው ቦታ ቁረጥና አብረህ ላከው።