ስንጥቁ ላይ ሴንሰር ልግጠም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ካስደነገጠን በኋላ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ድሮም ነበረ እንዴ? እንጃ። የወንድሜ ልጅ «ስንጥቅ የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ስልክሽ ላይ ያሳውቅሻል» ይለኛል። ልግዛ?
እንቅልፍ ያጣች

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። መጀመሪያ እርሳስ ፈልጊ።

ስንጥቁ የት ላይ ነው? ልስኑ ላይ ወይም ብሎኬቱና ኮለኑ (ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) የሚገናኙበት መስመር ላይ ከሆነ ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፤ ፎቁን የተሸከሙት ኮለንና ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) እንጂ ብሎኬቱ አይደለም። ኮለን፣ ቢም ወይም ሶሌታ (ፎቅን ከፎቅ የሚለየው የኮንክሪት ወለል) ላይ ከሆነ ግን ማንበቡን ትተሽ ዛሬውኑ መሐንዲስ ጥሪ።

ግድግዳው ብቻ ከሆነ የስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። መሀሉ ላይ ስስ ጄሶ ለጥፊ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። የድሮ ዘዴ ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም።

ሴንሰርን እያጣጣልኩ አይደለም። ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተውን የሞራንዲ ድልድይ ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች ኮንክሪት ለብሰው ስለነበር ውስጥ ውስጡን ሲዝጉ ከውጭ አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ተደርምሶ 43 ሰው ገደለ። በቦታው በ2020 የተከፈተው ድልድይ ሴንሰር ተገጥሞለታል፣ እየዞረ የሚፈትሸው ሮቦትም አለው። እንዲህ ነው፣ ሴንሰር የሚያስፈልገው ዓይን ለማያየው ነገር ነው። ያንቺ ስንጥቅ ደግሞ ሶፋ ላይ ሆነሽ ይታይሻል።

ሌላም ችግር አለ። ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ስንጥቁም አብሮት ይጠባል ይሰፋል። ሴንሰሩ የሚሊሜትር ሽራፊ ስለሚለካ ይህን ሁሉ ይነግርሻል፤ የትኛው የፀሐይ የትኛው የአደጋ እንደሆነ የሚለይ ባለሙያ ከሌለሽ ስልክሽ በጮኸ ቁጥር ልብስሽን ሰብስበሽ ደረጃ ልትወርጂ ነው!

ይልቅ ከጎረቤቶችሽ ጋር አዋጡና ሙሉ ብሎኩን የሚያይ መሐንዲስ አምጡ። ምድር ቤት ግድግዳ ያፈረሰ፣ ኮለን የነካ ሰው ካለም አሳዩት። «ይለካ» ካለ ሴንሰሩ እሱ በመረጠው ቦታ ይገጠም፣ ወጪውም የሁላችሁ ይሁን።

ጄሶው ከተሰነጠቀ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ከጎኑ ሳንቲም አድርጊበት፣ ስፋቱን እንዳየው።