አንድ ፖርት ለሁለት ቪላን ይበቃል?

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስዊቹ ላይ ሂሳብ ክፍሉን ቪላን 10፣ ካርድ ክፍሉን ቪላን 20 አድርጌ ወደ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ለየኋቸው። በየክፍላቸው ይገናኛሉ፣ ከ10 ወደ 20 ግን ፒንግ (መገናኘታቸውን መሞከሪያ መልእክት) አይሄድም። ያለን አንድ ሲስኮ ራውተር ነው፣ ክፍት የቀረውም አንድ ፖርት ብቻ። ሌላ እንግዛ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አትግዙ! አንዱ ፖርት ይበቃችኋል። ስዊቹ ከ10 የመጣውን ወደ 20 አለማሳለፉ ጤነኛ መሆኑን ነው የሚያሳየው፤ ማሻገር የራውተሩ ሥራ ነው። ሁለቱም በአንድ ኬብል መሄድ የሚችሉት እያንዳንዱ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) የቪላኑን ቁጥር የያዘ 4 ባይት ታግ ስለሚለጠፍበት ነው፣ 802.1ኪው የሚባለው።

ከስዊቹ ጀምር። ብዙ ሰው ራውተሩ ላይ ሲለፋ ይውላል፣ ጉዱ ያለው ግን ራውተሩ የተሰካበት የስዊች ፖርት ላይ ነው። አክሰስ (አንድ ቪላን ብቻ የሚያሳልፍ) ሆኖ ከቀረ የቀረውን በትክክል ብትሠራም አይሠራልህም። «ስዊችፖርት ሞድ ትረንክ» በለው፣ ያኔ ሁለቱንም ቪላን ያሳልፋል።

ራውተሩ ላይ ዋናው ፖርት አይፒ አያስፈልገውም፣ «ኖ ሻትዳውን» ብቻ ብለህ ክፈተው። ከዚያ ሁለት ሰብኢንተርፌስ (በአንዱ ፖርት ውስጥ ያሉ ምናባዊ ፖርቶች) ክፈት፣ ከፖርቱ ስም ቀጥሎ አንዱን .10፣ ሌላውን .20 እያልክ። ነጥብ 10 ላይ መጀመሪያ «ኢንካፕሱሌሽን ዶት ዋን ኪው 10»፣ ቀጥሎ አይፒውን፣ ለምሳሌ 192.168.10.1 ከነማስኩ 255.255.255.0። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው አይፒውን አይቀበልህም። ነጥብ 20 ላይም እንደዚያው፣ በ192.168.20.1። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር በራሱ ቪላኑን አይወስንም፣ ግን አመሳስለው፤ ካንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ እንዳይረግምህ።

ኮምፒውተሮቹ ላይ ዲፎልት ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ በራቸው) የየራሳቸው ሰብኢንተርፌስ አይፒ ይሁን። መጀመሪያ ጌትዌዩን ፒንግ አድርግ። እሱ መልሶልህ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ዝም ካለ፣ ራውተሩን ከመነካካትህ በፊት የዊንዶውስ ፋየርዎሉን እይ፣ ከሌላ ኔትወርክ የመጣ ፒንግ ብዙ ጊዜ የሚያግደው እሱ ነው።

ከ10 ወደ 20 የሚሄደው ሁሉ በዚያችው ኬብል ወጥቶ በዚያችው ይመለሳል። ለካርድና ለሂሳብ ሥራ ምንም አይልም። ካሜራ ምናምን ከጨመራችሁ ግን ያኔ ሌየር 3 ስዊች (ቪላን ከቪላን ራሱ የሚያሻግር ስዊች) አስቡ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ይሄን ሠርተህ ስትጨርስ ካርድ ክፍሉ የሂሳብ ክፍሉን ኮምፒውተሮች ያለ ከልካይ ያገኛቸዋል። የለየሃቸው ሂሳቡን ለመጠበቅ ከሆነ፣ ነጥብ 20 ላይ አክሰስ ሊስት (ማለፍ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን የሚለይ ዝርዝር) አስገባና የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ፍቀድ።