ፈንጂ ማስወገድን እንጀራው ማድረግ ለሚፈልገው የድሬዳዋ ወጣት

ከሳቢያን የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። በቅየሳ ዲፕሎማ ይዘህ ሥራ አጥተሃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት በመሐንዲስ ክፍል ፈንጂ ያጠምዱ የነበሩት አጎትህ ሲያወጉህ ልብህ ወደዚያ ሸፍቷል፤ እናትህ ግን «ልጄን ለፈንጂ አልሰጥም» ብለዋል። አንተም ማጥመዱ ይሻላል ወይስ ማስወገዱ ብለህ ጠይቀኸኛል።

ማጥመዱን እርሳው። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃለች። ስምምነቱ ፀረ ተሽከርካሪ ፈንጂን አይመለከትም፤ እርሱ ግን የወታደር ሥራ ነው።

የማስወገዱን ሥራ በቅርብ ላሳይህ። ሠራተኛው የፊት መከለያና ወፍራም መከላከያ ልብስ ለብሶ፣ ጠባብ በሆነች መስመር ላይ ተንበርክኮ ይሠራል። የብረት መፈለጊያ መሣሪያው ሲጮህ ከጎን ጀምሮ፣ ቀጭን ብረቱን በ30 ዲግሪ ያህል አጋድሞ አፈሩን ቀስ ብሎ ይወጋል፤ ቀጥ አድርጎ ከላይ ቢወጋ የፈንጂውን መርገጫ ሊጫነው ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ለመቶኛው ሚስማር እንደ መጀመሪያው መጠንቀቅ የማይሆንለት ሰው እዚህ መግባት የለበትም። ችኩል ከሆንህ ዛሬውኑ ተወው።

እኔ ግን አንተን የማስብህ ከቁፋሮው በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። የጥናት ቡድን መንደር ለመንደር እየዞረ እረኛውን፣ ገበሬውን፣ የቀድሞውን ወታደር ይጠይቃል፦ ግመሏ የሞተችው የት ነው? ከብት የማይሰማራበት ሜዳ የቱ ነው? መልሱ በጂፒኤስ ተለክቶ ካርታ ላይ ይሰፍራል፤ ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠው መሬትም ለባለቤቱ ይመለሳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እንደምትናገር በደብዳቤህ መጨረሻ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰሃል። በሶማሌ ክልል ለሚደረግ እንዲህ ላለ ጥናት እኔ ይህን ከዲፕሎማህ እኩል እቆጥረዋለሁ፤ ማመልከቻህ ላይ ከፍ አድርገህ ጻፈው።

አጎትህንም አትርሳቸው። ሥርዓት ያለው ጦር ፈንጂ ሲያጠምድ መነሻ ምልክቱን፣ የረድፉን አቅጣጫና ብዛቱን ይመዘግባል፤ በጥድፊያ የተጠመደው ግን ብዙ ጊዜ ያለ መዝገብ ይቀራል። የሚያስታውሱትን ቦታ ሁሉ ይንገሩህና በጽሑፍ ያዘው፣ ለሚመለከተው አካልም አስረክብ። ራስህ ሄደህ እንዳታጣራ!

እስከዚያው ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ የካርታ ፕሮግራም ተለማመድ፤ የቀይ መስቀልን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ውሰድ። ማስታወቂያ ስታይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የፈንጂ ማስወገድ አገልግሎትም ይሁን ከሌላ ድርጅት፣ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፦ ኢንሹራንሱ የአካል ጉዳትንና ሞትን ይሸፍናል? የሕክምና ባለሙያና አምቡላንስ ሥራው ቦታ ላይ ይቆማሉ? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡህ አትፈርም። ከሰጡህ ደግሞ ወረቀቱን ቤት ወስደህ ለእናትህ አንብብላቸው፤ የእርሳቸውም ጥያቄ ይኸው ነው።