ላፕቶፔ ፓስወርድ አለው፣ አይበቃም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አካውንታንት ነኝ፣ የደንበኞቼ የደመወዝ ሊስት፣ የግብር ሰነድ፣ የመታወቂያ ኮፒ ሁሉ ያለው ላፕቶፔ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የስራ ባልደረባዬ ታክሲ ውስጥ ላፕቶፗን ሰረቋት፣ እሷ "ፓስወርድ አለው፣ ማንም አይከፍተውም" ብላ ተረጋግታለች፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ፓስወርድ በቂ ነው? ኢንክሪፕት ላድርገው (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ላመስጥረው) ብልስ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሌ አይበላሽም?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ አይበቃም። ያ ፓስወርድ የሚጠብቀው የዊንዶውሱን በር ነው፣ ዲስኩን አይደለም፣ ሌባው ዲስኩን ፈቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ወይ ከፍላሽ ላይ ሊኑክስ (ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቢያስነሳ ፓስወርድ ሳይጠየቅ ፋይሎቿን እንደራሱ ያገላብጣቸዋል። ዲስኩ ኢንክሪፕት ካልነበረ ባልደረባሽ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዷን ዛሬውኑ ትቀይር፣ ለደንበኞቿም ትንገራቸው፣ መታወቂያው የነሱ ነውና።

ያንቺን ደግሞ አሁኑኑ ቆልፊው። ዊንዶውስሽ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቢትሎከር የሚባል ዲስክ መቆለፊያ አብሮት አለ፣ ሆም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚል ፈልጊ (ሁሉም ማሽን ላይ አይገኝም)፣ ከሌለ ቬራክሪፕት የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሰራል። ቢትሎከር ያገለገለውን ቦታ ብቻ ወይስ ሙሉ ዲስኩን ብሎ ሲጠይቅሽ ሙሉውን በዪ፣ ጊዜ ይፈጃል ግን ድሮ ያጠፋሻቸው ፋይሎች እኮ ባዶ በሚመስለው ቦታ ላይ እስካሁን ሊኖሩ ይችላሉ።

መብራት ቢጠፋ ቢትሎከር ከቆመበት ይቀጥላል። ቢሆንም መጀመሪያ ባክአፕ አድርጊ፣ ባክአፑ ያለበትን ኤክስተርናል ዲስክም ቆልፊው፣ እሱ ክፍት ከተቀመጠ ምኑን ተከላከልሽ?

አደራ የምልሽ ግን የቢትሎከርን ሪከቨሪ ኪ ነው! ዲስኩ ሲቆለፍብሽ የሚከፍትልሽ 48 አሃዝ ቁጥር ነው፣ ፕሪንት አድርገሽ ቤት አስቀምጪው እንጂ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ወይ ቦርሳው ኪስ ውስጥ እንዳታደርጊው። ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ሲደረግ ወይ ማዘርቦርድ ሲቀየር ድንገት ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ያኔ ከሌለሽ ጠጋኝ ቤት ብትሄጂ፣ ማይክሮሶፍት ጋ ብትደውዪም ዳታውን የሚያወጣልሽ የለም፣ በዚህ ሰበብ የዓመታት ስራቸውን ያጡ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

ሌላው፣ ኢንክሪፕሽን ማሽኑ ተከፍቶ እየሰራሽበት ሳለ ከሚገባ ቫይረስ አያድንሽም። ስሊፕ ላይ ሲሆንም ቁልፉ ሜሞሪው ውስጥ እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ከቢሮ ስትወጪ ክዳኑን ገጠም አድርገሽ ከመሄድ ሻትዳውን አድርጊው።